የድሮ አቃቂን ድምፅ ከየት ላምጣ?

የአቃቂው ልጅ፦ ሰላም ለሁላችሁ። ታሪኩ በ1960ዎቹ አቃቂ ላይ የሆነ የሬዲዮ ድራማ እየሠራሁ ነው። ጽሑፉ አልቋል፣ ድምፁ ግን አስቸገረኝ። ከኢንተርኔት ያወረድኩት ባቡር የፈረንጅ ፊልም ፊልም ይላል። ሰፈር ወጥቼ ልቅዳ ስል ደግሞ ባጃጁ፣ የብሎኬት ማሽኑ፣ የሱቁ ስፒከር... ምን ትሉኛላችሁ?

ድምፅ ቀጂ፦ ያወረድከው ቹፍ ቹፍ የሚል የእንፋሎት ባቡር ከሆነ ጣለው። የጅቡቲው መስመር በእኛ 1940ዎቹ የናፍጣ ሎኮሞቲቭ አስገብቷል፣ ስለዚህ የሚያጓራ ሞተር ፈልግ። ሌላው ደግሞ፣ ጆሮ ያልፈለገውን ይዘላል፣ ማይክ ግን ምንም አይዘልም። ከመቅዳትህ በፊት ዓይንህን ጨፍነህ ትንሽ ተቀመጥና የምትሰማውን ሁሉ ጻፍ፣ ከዚያ በዘመኑ ያልነበረውን ሰርዝ። ሌሊት ብትቀዳ ይሻላል። ጅቡ ያው ጅብ ነው 😄

እሙዬ፦ እናቶችን ጠይቃቸው እንጂ! ግን «ድምፁ እንዴት ነበር?» አትበል፣ መልስ አታገኝም። «ባቡሩ ሲመጣ ምን ትሠሪ ነበር?» በል፣ ድምፁ ራሱ ተከትሎ ይመጣል።

ተራ አድማጭ፦ ንግሥት ቪክቶሪያ በ1898 እ.ኤ.አ. ለአፄ ምኒልክ በፎኖግራፍ (በድሮው ድምፅ መቅጃ) ቀድታ የላከችው መልእክት ከተሰማ በኋላ እንዲሰበር ተደርጓል። በጣም ያናድደኛል። አንተም የቀዳኸውን እንዳታጠፋ፣ ባጃጁን ጨምሮ።

የአቃቂው ልጅ፦ እሺ፣ ባቡሩ ተሰርዟል። ዝናብ በቆርቆሮ ላይ ያለው ሰው ይላክልኝ፣ ክረምት እስኪገባ አልጠብቅም።