ድመቴን ለሦስት ወር ማን ጋ ላስቀምጣት? ኮተቤ ግቢ ወይስ ጀሞ 4ኛ ፎቅ

ተከራይዋ ከሰሚት
ሰላም ለሁላችሁ። የተከራየሁትን ቤት በጥር መጨረሻ እለቃለሁ። እስከ ሚያዝያ መጨረሻ የማርፍበት ሰርቪስ ቤት ባለቤት «ድመት አይገባም» ብለዋል። ድመቷ ሴት ናት፤ 3 ዓመቷ፣ 4 ኪሎ ገደማ፣ አልመከነችም፣ ክትባት የወሰደችው ግልገል ሳለች አንዴ ብቻ ነው። ሁለት ቦታ ተገኝቷል፦ አንዱ ኮተቤ ሰፊ ግቢ ያላቸው አክስቴ ቤት፣ ሌላው ጀሞ ኮንዶሚኒየም 4ኛ ፎቅ የምትኖር የሥራ ባልደረባዬ። ግቢው ይሻላል ብዬ አስቤ ነበር። የትኛውን ትመክሩኛላችሁ? በቅድሚያስ ምን ማዘጋጀት አለብኝ?

የግቢ ሰው
መጀመሪያ የሰርቪስ ቤቱን ባለቤት «ለምን?» ብለሽ ጠይቂያቸው። ሽታ ፈርተው ከሆነ፣ ጫጩት ካላቸው፣ ወይም የቀድሞ ተከራይ ድመት ሶፋ ቧጭራባቸው ከሆነ መልሱ ይለያያል። ለጫጩት መፍትሔ የለም፤ ለሽታና ለሶፋ ግን አለ። ቀጥሎ የምትከራዪውን ቤት ስትፈራረሚም ስለ ድመቷ በውሉ ላይ አስጽፊ። አሁን የመኖሪያ ቤት ኪራይ ውል ቢያንስ ለሁለት ዓመት ስለሆነ፣ የቃል «ችግር የለም» ያን ያህል ጊዜ አይቆይም።

ነጭ ጋውን
እህቴ፣ ቦታውን ከመምረጥሽ በፊት ድመቷን አዘጋጂ፤ ቢያንስ አራት ሳምንት ይፈልጋል።

አለመምከኗ ትልቁ ችግርሽ ነው። የድመት እርግዝና 63 ቀን አካባቢ ነው፤ ሦስት ወር ማለት ከነልጆቿ ልትረከቢያት የምትችዪበት ጊዜ ነው። ባታረግዝም ወንድ ስትፈልግ ሌሊቱን ሙሉ ትጮኻለች፤ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ጎረቤት የሚያማርረው፣ አስቀማጯም «ውሰጂልኝ» የምትለው ያኔ ነው። የማምከን ቁስል ከ10 እስከ 14 ቀን ይፈልጋል፤ ስለዚህ ቀዶ ጥገናው አንቺ ቤት እያለች ይለቅ።

የእብድ ውሻ በሽታ ክትባቷ ጊዜው አልፏል፤ አሁን አስከትቢና ካርዱን ከእሷ ጋር ላኪ። ሰው ከነከሰች ወይም ከቧጨረች ቁስሉን በሳሙናና በሚፈስ ውኃ 15 ደቂቃ አጥቦ ጤና ተቋም መሄድ ነው፤ ካርድ ቢኖርም ያው ነው። የትል መድኃኒት በክብደቷ ይሰጣት። ለቁንጫ ደግሞ የውሻ መድኃኒት እንዳታስቀቢ! ብዙዎቹ ፐርሜትሪን የሚባል ነገር አላቸው፤ ውሻ ይችለዋል፣ ድመትን ግን ያንቀጠቅጣል፣ ይገድላልም። ለከብት መዥገር የሚረጨውም እንዲሁ ነው።

በምትሄድበት ቤት ነፍሰ ጡር ካለች ድመቷን መከልከል አያስፈልግም። አሸዋውን ሌላ ሰው በየቀኑ ያጽዳ፤ በሰገራው ያለው የቶክሶፕላዝማ (ጽንስ የሚጎዳ ጥገኛ ተውሳክ) እንቁላል ወደ ሰው መተላለፍ እስኪችል ቢያንስ አንድ ቀን ስለሚወስድበት የዕለት ጽዳት ይቀድመዋል።

ሰጋቱራ
እኔ ጀሞን እመርጣለሁ፤ ምክንያቱም ጾም ነው። ከጥር መጨረሻ እስከ ሚያዝያ ባለው ጊዜ ውስጥ የዐቢይ ጾም 55 ቀን አለ። አክስትሽ የሚጾሙ ከሆነ ቤታቸው ሥጋም ወተትም አይገባም፤ ድመቷ ሽሮ በእንጀራ ይቀርብላታል። ሽሮው ውስጥ ያለው ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት ቀይ የደም ሕዋሷን ይጎዳል። ከሥጋ የምታገኘው ታውሪን የሚባል ንጥረ ነገር ለወራት ሲጎድል ደግሞ ልብና ዓይን ይጎዳል። ከዚያ በፊት ግን የሚሆነው ሌላ ነው፦ ይርባትና ልታድን ትወጣለች፣ ግቢው ውስጥ አይጥ ካለ የአይጥ መርዝም ይኖራል፣ መርዝ የበላችውን አይጥ ትበላለች። አክስትሽን በግልጽ ጠይቂያቸው፤ «መርዝ አስቀምጠዋል?» በይ። ሰው ይረሳዋል እንጂ ቆጥ ላይ ወይም ከማድጋ ኋላ ይገኛል።

ምግቡን አንቺ አቅርቢ። ለ4 ኪሎ ድመት በቀን ከ150 እስከ 200 ግራም ሥጋ ይበቃል፤ በወር ከ4 ኪሎ ተኩል እስከ 6 ኪሎ ነው። ሳምባ ርካሽ ቢሆንም ብቻውን አይበቃም፤ ልብ ጨምሪበት። ጉበት በሳምንት አንዴ ትንሽ ብቻ። ቀቅለሽ በአንድ ቀን ልክ አሽገሽ ፍሪዘር ውስጥ አስቀምጪላት፤ ታውሪኑ ወደ መረቁ ስለሚወጣ መረቁ አይደፋ። የተቀቀለ አጥንት አይሰጥ፣ ይሰነጠቃል።

ለሽንት ቤቷ ሰፋ ያለ ሳፋ ላይ 5 ሳንቲ ሜትር ያህል ሰጋቱራ ወይም አሸዋ አድርጊ፤ ከአሮጌው አንድ እፍኝ ቀላቅዪበት፣ ሽታውን ታውቀዋለች። የምትተኛበትን ጨርቅ ሳታጥቢ ላኪው።

ነጭ ጋውን
በጀሞ እስማማለሁ፤ ግን በረንዳውና መስኮቱ የሽቦ መረብ ከሌላቸው ከኮተቤ አይሻልም። 4ኛ ፎቅ ላይ ወፍ ስትከታተል የምትወድቅ ድመት ብዙ ናት።

የመጀመሪያዎቹን ከ3 እስከ 5 ቀናት አንድ ክፍል ውስጥ ብቻ ትዋል፤ ካርቶን በጎኑ አስተኝተሽ መደበቂያ አድርጊላት። ከአልጋ ሥር ጎትቶ ማውጣት የለም። በመጀመሪያው ቀን አለመብላቷ የሚጠበቅ ነው፤ 48 ሰዓት ካለፈ ግን ሐኪም ጋ ትሂድ፤ ድመት ስትራብ ስቡ ጉበቷ ላይ ይከማቻል፣ ወፍራም ከሆነች ደግሞ ይብሳል።

የወረቀት ሰው
ይሉኝታ ነው የሚያበላሸው። ባልደረባሽ «ምንም አይደል» ትልሻለች፤ በሁለተኛው ወር ግን ስልክ አታነሳም። ግማሽ ገጽ ይበቃል፦ የመረከቢያና የመመለሻ ቀን፣ የምግብና የሰጋቱራ ወጪ ያንቺ መሆኑ፣ አንቺ ስልክ ባታነሺ እስከ ስንት ብር ድረስ ሳትጠይቅሽ ማሳከም እንደምትችል፣ ሦስተኛ ተጠሪ ሰው፣ መመለሻው ቀን ካለፈ ስንት ቀን እንደምትጠብቅሽ። ባልደረባሽም ተከራይ ከሆነች የእሷ አከራይ ማወቃቸውን አረጋግጪ፤ አለዚያ ሁለታችሁም በአንድ ቀን ቤት ፍለጋ ትወጣላችሁ። ገንዘቡን በየወሩ መጀመሪያ ላኪ፣ ሳትጠየቂ።

ተከራይዋ ከሰሚት
አመሰግናለሁ፣ ጀሞ ሆኗል፤ መረቡን እኔ አሠራለሁ። ከሰሚት ጀሞ ረጅም መንገድ ነው። ሰው ሁሉ በማዳበሪያ ከረጢት ይወስዳል፤ ይቻላል?

ሰጋቱራ
አይሆንም። ትታፈናለች፣ ትቀደዋለች፣ መኪናው ውስጥ ከወጣች ሹፌሩ እግር ሥር ነው የምትገባው። መያዣ ሣጥን ካላገኘሽ ሁለት የፕላስቲክ ቅርጫት ገጥመሽ በጠፍር ወይም በፕላስቲክ ማሰሪያ እሰሪ፣ በላዩ ስስ ነጠላ ጣል አድርጊበት። ከሳምንት በፊት ጀምሮ ውስጡ አብሊያት። ከመንገዱ በፊት ለ4 ሰዓት ያህል አታብሊያት፣ ታስመልሳለች። ራይድ ስትጠሪ ለሹፌሩ በስልክ ድመት እንዳለሽ አስቀድመሽ ንገሪው፤ ደጅ ደርሶ «አልጭንም» ካለ ድመቷ ታሽጋ ሌላ መኪና መጠበቅ ነው።