«ፋሩሽ» ያው ዓይን አፋር ነው?

ሀና፦ ትናንት እዚህ አንድ ሰው «ፋሩሽ የሚለው የፈረንሳይ ቃል ያው ዓይን አፋር ማለት ነው» ብሎ ጻፈ፣ ሁሉም ላይክ አደረገለት። በጣም ነው ያበሳጨኝ። ዓይን አፋር ይሽኮረመማል። ፋሩሽ ግን ሰው ሲጠጋው ፊቱን አጥቁሮ ይሸሻል።

ቢኒ፦ የጻፍኩት እኔ ነኝ። እንግሊዞቹ ቃሉን በ18ኛው ክፍለ ዘመን ወስደው ዓይን አፋር ለሆነ ሰው ይሉታል። ምን አጠፋሁ?

ሀና፦ «ያው» ማለትህን ነዋ!

ደረጀ፦ ሁለታችሁም ተሳስታችኋል። ከላቲኑ «ፌሩስ» ነው የመጣው። የዱር አውሬ ማለት ነው።

ሀና፦ ደሬ፣ እሱ «ፌሮስ» የሚለው፣ ጨካኝ ማለት የሆነው ሌላ የፈረንሳይ ቃል የመጣበት ነው። ፋሩሽ ከኋለኛው ላቲን ከ«ፎራስቲኩስ» ነው፣ ከውጭ የመጣ ማለት። «ፎራስ» ወደ ደጅ ነው፣ «ፎሬስ» ደግሞ በር። የእኛም ደጅ በሩም ውጭውም አይደል? እንግሊዝኛው «ፎሪን»፣ የውጭ አገር ማለት፣ ራሱ ከዚሁ ቤት ነው የወጣው።

ማርታ፦ እኔ ፈረንሳይ፣ ሊዮን ነው የምኖረው። እዚህ እጅሽን ስትዘረጊላት የምትሸሸውን ድመት ፋሩሽ ይሏታል። ግን «ፋሩሽ ተቃዋሚ» ሲሉ አምርሮ የሚቃወም ማለታቸው ነው፣ እሱ ምንም አያፍርም። ሀኒዬ፣ አንቺም ግማሹን ነው የያዝሽው።

ቢኒ፦ ተመስገን! እሺ ሀና፣ በአማርኛ አንድ ቃል ስጪኝ።

ሀና፦ ደንባራ።

ደረጀ፦ ደንባራ በቅሎ ነው! ሰው ላይ ስድብ ነው።

ማርታ፦ ባይተዋር ብንለውስ? ሰው መሃል ተቀምጦ የውጭ ሰው የሆነ።

ሀና፦ ባይተዋር ሰው አጥቶ ነው፣ ይሄኛው ሰው እያለ ነው የሚሸሸው። የእህቴ ልጅ እንግዳ ሲመጣ ጓዳ ትገባለች። ሰላም በይ ስትባል ትኮሳተራለች። ዘመድ ሁሉ ኩራተኛ፣ ባለጌ ይላታል። ልጅቷ ግን ፈርታ ነው። ለዚህ ነው ቃሉ የሚያስጨንቀኝ።

ደረጀ፦ ተያት፣ ስታድግ ይተዋታል።

ሀና፦ ተያት አትበለኝ ደሬ። እኔንም እንደዛው ብለው ነው የተዉኝ።

ቢኒ፦ «ያው»ን አጥፍቻለሁ። ዓይን አፋር ግን ይቆያል።

ማርታ፦ ደሬ፣ በቅሎዋም እኮ የምትደነብረው የሆነ ነገር አይታ ነው።

ደረጀ፦ ስድብ ነው አልኩ፣ ስድብ ነው።