«የሕይወት ዘመን ሽልማት»፦ «ስኬት» ይባል ወይስ «አስተዋፅኦ»?

ጥያቄ

የተከበራችሁ የቋንቋ ወዳጆች፣ ስለ ፊልም ሽልማቶች የሚያወሳ ጽሑፍ ወደ አማርኛ እየመለስኩ ሳለ አንድ ስያሜ አላስኬድ አለኝ። ለአንድ ፊልም ሳይሆን ለረጅም ዓመታት ሥራ የሚሰጠውን ሽልማት አንዱ ጸሐፊ «የሕይወት ዘመን ስኬት ሽልማት»፣ ሌላው «የሕይወት ዘመን አስተዋፅኦ ሽልማት» ይለዋል፤ «የክብር ሽልማት» ብሎ የሚያልፍም አለ፤ «የዕድሜ ልክ ሽልማት» የሚልም አጋጥሞኛል። እነዚህ ሁሉ አንድ ናቸው ወይስ የየራሳቸው ትርጉም አላቸው? በተጨማሪም «ሽልማቱን አሸነፈ» ብዬ የጻፍኩትን አራሚዬ «ተበረከተለት» በሚለው ተክቶታል፤ ምክንያቱን ግን አልገለጸልኝም።

መልስ

«የዕድሜ ልክ» የሚለውን ከወዲሁ ብንተወው ይሻላል። «የዕድሜ ልክ እስራት» ወይም «የዕድሜ ልክ አባል» ስንል ከዛሬ ተነሥተን እስከ ዕለተ ሞት ወደፊት እንቆጥራለን፤ ይህ ሽልማት የሚያየው ግን ወደ ኋላ፣ እስከ ዛሬ ወደ ተሠራው ነው።

ዋናው ጉዳይ «ስኬት» እና «አስተዋፅኦ» ላይ ነው። «ስኬት» የመጣው «ሰካ» ከሚለው ግስ ነው፤ አንዱ ነገር ከሌላው ጋር ገጥሞ ቦታውን ሲይዝ «ተሰካ» እንላለን፣ ያሰብነው ነገር እንደዚያው ሲገጥምልን ደግሞ «ተሳካ» እንላለን። ስለዚህ በ«ስኬት» ውስጥ ያለው ሰው ያሰበውን ያገኘ ሰው ነው። «አስተዋፅኦ» ግን «ወፅአ» ከሚለው የግእዝ ግስ የወጣ ሲሆን፣ የአማርኛው «ወጣ»፣ «አዋጣ» እና «መዋጮ» የሥር ዘመዶቹ ናቸው። መዋጮ የከፈለ ሰው ከራሱ አውጥቶ ለጋራ የሰጠ ነው፤ አስተዋፅኦ ያደረገ የፊልም ሰውም ከራሱ አውጥቶ ለጥበቡ የሰጠ ነው።

ከሁለቱ የትኛው ለጉዳዩ እንደሚቀርብ ለማየት ቻርሊ ቻፕሊንን ማስታወስ ይበቃል። እ.ኤ.አ. በ1952 ከአሜሪካ ወጥቶ የመመለሻ ፈቃዱ ከተሰረዘበት በኋላ፣ በ1972 የክብር ኦስካሩን ለመቀበል ሲመለስ፣ ታዳሚው ተነሥቶ 12 ደቂቃ ያህል እንዳጨበጨበለት ይነገራል። ሽልማቱ የተሰጠበት ምክንያት ኦስካርን በሚሰጠው የአሜሪካ የፊልም አካዳሚ ቃል ሲገለጽ፣ ፊልም የዘመኑ ጥበብ እንዲሆን ያሳደረው የማይለካ ተጽዕኖ ነው የሚል ነበር። ይህ ስለ ጥበቡ የተነገረ ቃል በመሆኑ «አስተዋፅኦ» እንጂ «ስኬት» አይሸከመውም። ጃፓናዊው የፊልም ዳይሬክተር አኪራ ኩሮሳዋም በ1990፣ በ80 ዓመቱ፣ ይኸው ሽልማት በተሰጠው ጊዜ መድረኩ ላይ ቆሞ ሲኒማን ገና የተረዳሁት አይመስለኝም ብሎ ነበር። «የሕይወት ዘመን ስኬት» ብለን ከጻፍን፣ ያሰበው ገና እንዳልተሳካለት የሚናገረውን ሰው ተሳክቶልሃል እያልነው ነው።

«የክብር ሽልማት» ከእነዚህ ሰፋ ያለ ነው። የአካዳሚው የክብር ኦስካር ለሕይወት ዘመን ሥራ ይሰጣል፤ ነገር ግን ለፊልም ጥበብና ሳይንስ ለተደረገ ልዩ አስተዋፅኦ ወይም ለአካዳሚው ለተሰጠ አገልግሎትም ይሰጣል። የፊልም ተዋናይዋ ሸርሊ ቴምፕል ከውድድር ውጭ ለልጆች የተዘጋጀውን ትንሿን ኦስካር እ.ኤ.አ. በ1935 ስትቀበል ገና የስድስት ዓመት ልጅ ነበረች፤ ይህን «የሕይወት ዘመን ሽልማት» የሚል አይኖርም። ስለዚህ የሕይወት ዘመን ሽልማት ሁሉ የክብር ሽልማት ሊባል ይችላል፤ የክብር ሽልማት ሁሉ ግን የሕይወት ዘመን ሽልማት አይደለም።

ሌላ አባል

በመልሱ ብስማማም ሁለት ነገር ልጨምር። አንደኛ፣ «አስተዋፅኦ» በስብሰባና በሪፖርት ብዛት የደከመ ቃል ነው፤ ሁሉም «የበኩሉን አስተዋፅኦ» በሚያደርግበት ዘመን አንባቢ ክብደቱን አይሰማውም። የቬኒስ የፊልም ፌስቲቫል «ወርቃማ አንበሳ» የተባለ ሽልማቱን በጣልያንኛ «ለካሪየራ»፣ ማለትም ለሙያ ጉዞ፣ ብሎ እንደሚሰጥ ሁሉ፣ እኛስ «የሥራ ዘመን ሽልማት» ብንል? ሁለተኛ፣ ህንዳዊው የፊልም ዳይሬክተር ሳትያጂት ሬይ በ1992 የክብር ኦስካሩን የተቀበለው በካልካታ ሆስፒታል አልጋ ላይ ተኝቶ፣ ሐውልቱን በእጁ ይዞ ሲሆን፣ ከዚያ በኋላ ወር ሳይሞላው ዐረፈ። እንዲህ ላለው መዘግየት «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» የሚለውን ተረት መጥቀስ ተገቢ ይሆናል?

መልስ

«የሥራ ዘመን» ውብ ነው፤ ነገር ግን አማርኛችን ቃሉን ለሌላ ነገር ሰጥቶታል። የምክር ቤት «የሥራ ዘመን» ሲባል በሕግ የተወሰነ፣ የሚጀምርበትና የሚያልቅበት ቀን የታወቀ ጊዜ ነው፤ የአንድ ተዋናይ ሕይወት እንዲህ አይቆረጥም። የ«አስተዋፅኦ»ን ድካም በተመለከተ ልክ ነዎት፤ እኔም «የበኩሉን» የሚለውን ማጀቢያ ጥሎ ቃሉን ብቻውን ማቆም ክብደቱን ይመልስለታል የሚል እምነት አለኝ።

ተረቱ ግን አይገጥምም። «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» የሚባለው አደጋው ፊቱ ሳለ ዝም ብሎ፣ ካለፈ በኋላ ለሚደነፋ ሰው ነው፤ ነቀፌታው ያለው ፍርሃቱ ላይ ነው። ለሬይ ሽልማቱን ያዘገየው አካል ጥፋት ቢኖርበት እንኳ ጥፋቱ ፍርሃት አይደለም። «የዘገየ ክብር» ማለት በቂ ነው።

«የሕይወት ዘመን» የሚለውም ቢሆን ሥራው አበቃ የሚል ድምፅ ስላለው በጥንቃቄ ሊያዝ ይገባል። ተዋናዩ ፒተር ኦቱል ለኦስካር ሰባት ጊዜ ታጭቶ ሳያሸንፍ ቀርቶ በ2003 የክብር ኦስካር እንደሚሰጠው ሲነገረው፣ እኔ ገና በጨዋታው ውስጥ ነኝ፣ በውድድር ላሸንፍ እችላለሁና 80 ዓመት እስኪሞላኝ ቆዩልኝ ብሎ ለአካዳሚው ጽፎ ነበር። በመጨረሻ ተቀበለ፤ በ2007 ደግሞ ለስምንተኛ ጊዜ ታጨ። ስለዚህ ተሸላሚው በሥራ ላይ ካለ «እስከ ዛሬ ላበረከተው አስተዋፅኦ» ብሎ መጻፍ እመርጣለሁ።

አራሚዎ ስለለወጡት ግስም እነሆ። «አሸነፈ» ተፎካካሪ ይፈልጋል፤ የክብር ኦስካር ግን እጩዎች የሉትም፣ የአካዳሚው የገዥዎች ቦርድ መርጦ የሚሰጠው ነው፤ ስለዚህ «ተሸለመ»፣ «ተሰጠው» ወይም «ተበረከተለት» እንጂ «አሸነፈ» አይባልም። ሁለቱን ግሶች ጎን ለጎን በየቦታቸው ለማየት ይህን ዓረፍተ ነገር ይያዙልኝ፦ «ፖል ኒውማን እ.ኤ.አ. በ1986 የክብር ኦስካር ተበረከተለት፤ በዓመቱ በ1987 ደግሞ በምርጥ ተዋናይነት ተወዳድሮ አሸነፈ።»