ከቶኪዮ ሎስ አንጀለስ፦ ሲኬድ 10 ሰዓት፣ ሲመለሱ ወደ 12 ሰዓት ለምን?

ጥያቄ፦
ሰላም ጤና ይስጥልኝ። ጥር ላይ ከቶኪዮ ወደ ሎስ አንጀለስ ልበር ነው። ርቀቱ በአየር 8,800 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው አሉ። ትኬቱ መሄጃውን 10 ሰዓት፣ መመለሻውን 11 ሰዓት ከ50 ይላል። ሁለት ሰዓት የት ገባ? ደግሞ ማክሰኞ 17:00 ተነስቼ እዚያው ማክሰኞ 10:00 እደርሳለሁ። ሳልነሳ ልደርስ ነው? ሆቴል ለየትኛው ቀን ልያዝ?

መልስ 1፦
እህቴ፣ ሰዓቱን የበላው ነፋስ ነው። ከ9 እስከ 12 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ ጄት ስትሪም የሚባል ብርቱ ነፋስ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ ይነፍሳል። በብርዱ ወራት ጃፓን አካባቢ በሰዓት 300 ኪሎ ሜትር የሚያልፍበት ጊዜ አለ። አውሮፕላኑ በአየር ውስጥ 900 ገደማ ይሄዳል። 100 ከኋላ ቢገፋው 8,800ው በ8 ሰዓት ከ48 ደቂቃ ያልቃል። ያው 100 ከፊት ቢመጣ ግን 11 ሰዓት ይፈጃል። ትኬት ላይ የሚጻፈው ደግሞ ከበር እስከ በር ነው። መሬት ላይ ተራ መጠበቁና መንደርደሩ ሁሉ እዚያ ውስጥ አለ። ወንበርሽ ፊት ያለውን ስክሪን ካርታው ላይ አድርጊና ፍጥነቱን እዪው፤ ስትሄጂ 1,000 ሲያልፍ ብታዪ አትገረሚ።

መልስ 2፦
ሆቴሉን ለማክሰኞ ያዢ፣ ትኬቱ ልክ ነው። ሁሌም የሚጻፈው የየከተማው ሰዓት ነው። 17:00 ላይ 10 ሰዓት ስትጨምሪ በቶኪዮ ረቡዕ 03:00 ይሆናል። ሎስ አንጀለስ በ17 ሰዓት ወደኋላ ናት፤ ስለዚህ ማክሰኞ 10:00። በሞቃቱ ወራት አሜሪካኖቹ ሰዓታቸውን ስለሚገፉ ልዩነቱ 16 ነው፤ ጃፓን ግን ሰዓቷን አትነካም። ስትመለሺ ቀኑን ትከፍያለሽ፦ ሰኞ 12:00 ብትነሺ የምትደርሺው ማክሰኞ 16:50 ነው።

መልስ 3፦
ኪሎ ሜትሩም ቢሆን የሚጨበጥ አይደለም። 8,800 አጭሩ መንገድ ነው፤ ምድር ድቡልቡል ስለሆነች ወደ ሰሜን፣ ወደ አሌውሽያን ደሴቶች በኩል ይጎብጣል። ሲሄዱ ነፋሱን ፍለጋ ወደ ደቡብ ወረድ ይላሉ፣ ሲመለሱ እሱኑ ሽሽት ወደ ሰሜን ይወጣሉ። ረዘም ያለው መንገድ ቶሎ የሚያደርስበት ቀን ብዙ ነው።

ጠያቂዋ፦
ተባረኩ! ሆቴሉ ዴንቨር ነው። ሎስ አንጀለስ ከደረስኩ ከ1 ሰዓት ከ20 በኋላ ቀጣይ በረራ አለኝ። ይበቃኛል?

መልስ 2፦
ኧረ ይጠብሻል። አሜሪካ ስትገቢ ኢሚግሬሽን የምታልፊው መጀመሪያ ባረፍሽበት ኤርፖርት ነው። ሻንጣሽንም እዚያው ተቀብለሽ፣ በጉምሩክ አልፈሽ መልሰሽ ታስረክቢያለሽ። ሰልፉ ደግሞ እንደ ዕድልሽ ነው። እኔ ብሆን ከ3 ሰዓት በታች አልይዝም። ሁለቱ በረራዎች በአንድ ትኬት ከሆኑ፣ ቢያመልጥሽ አየር መንገዱ በሌላ በረራ ያሳፍርሻል። ለየብቻ ከገዛሽው ግን አዲስ ትኬት መግዛትሽ ነው፤ ዛሬውኑ ቼክ አድርጊው።