ቦቶክስ ከተወጋሁ በኋላ ፈገግታዬ ተንጋደደ

ዕድሜዬ 46 ነው። የአፌ ጫፎች ወደ ታች የወረዱ ናቸው። ዝም ብዬ ስቀመጥ ሰው ሁሉ «ምነው፣ ማን አስቀየመሽ?» ይለኛል። ማንም፤ ፊቴ ነው እንጂ!

የዛሬ 3 ሳምንት የቆዳ ሐኪም ጋ ሄድኩ። የአፍን ጫፍ ቁልቁል የሚስበውን ጡንቻ ለማላላት በግራም በቀኝም 4፣ 4 ዩኒት ቦቶክስ ወጋችኝ። ከአፌ ጫፍ ወደ አገጬ የሚወርደውን መስመር ደግሞ በሃያሉሮኒክ አሲድ ፊለር (ከቆዳ ሥር በሚወጋ መሙያ) ሞላችው። መስመሩ ለስለስ ብሏል፤ እሱ ላይ ቅሬታ የለኝም።

ጉዱን ያየሁት በ6ኛው ቀን፣ ጥርሴን ስቦርሽ ነው። አፌን ስዘጋ ደህና ነኝ። ስስቅ ግን የታችኛው ከንፈሬ በቀኝ በኩል ይወርዳል፣ በግራ ግን ንቅንቅ አይልም። የታች ጥርሶቼ በአንድ ወገን ብቻ ይታያሉ። ሕመም የለኝም፣ እብጠት የለም፣ ስጠጣም ውሃ አያመልጠኝም።

ሐኪሟ ቦቶክሱ በግራ በኩል ከንፈርን ወደሚያወርደው ጎረቤት ጡንቻ ሳይሸሽ አልቀረም አለች። 2 ሳምንት ጠብቂ ስትለኝ ጠበቅኩ። በየጠዋቱ ፎቶ አነሳለሁ፤ ለውጥ የለም። አሁን ደግሞ «በቀኝም ትንሽ ጨምረን እናመጣጥነው» ትላለች። ፊለሩ ቢሆን ሃያሉሮኒዳዝ በሚባል መርፌ ይሟሟል። ቦቶክስ ግን ማርከሻ የለውም፤ 3 ወይም 4 ወር ቆይቶ ራሱ ነው የሚለቀው። ደህናውንም ጎን እንዳላጣ ፈራሁ።

እንዲህ የደረሰባችሁ ወይም ሙያው ያላችሁ፣ ደህናውን ጎን መወጋቱ በእርግጥ ፈገግታን ያመጣጥናል ወይስ እስኪለቅ ዝም ብዬ ልጠብቅ?