ሃሚንግበርድ አልመጣ አለኝ

ጠያቂ፦ ለሃሚንግበርድ፣ ማለትም የአበባ ወለላ ለምትጠጣው ትንሽዬ የአሜሪካ ወፍ፣ መጠጫ ጓሮ ከሰቀልኩ ሦስት ሳምንት ሆነኝ። ቀይ የምግብ ቀለም የጨመርኩበት የስኳር ውሃ ነው። የሚመጣው ጉንዳን ብቻ! ትናንት አንዷ አጥሩ ጋ ለአፍታ ቆማ ዞር ብላ ሄደች። ምን አጠፋሁ?

መልስ 1፦ ቀለሙን ተወው። መጠጫው ራሱ ቀይ ከሆነ ይበቃል። 1 እጅ ነጭ ስኳር፣ 4 እጅ ውሃ፣ አለቀ። ማር እንዳትሞክር፣ ቶሎ ይሻግታል። ሙቀት ሲሆን በየ2 ቀኑ ቀይረው፤ መጠጫውንም በሙቅ ውሃ እጠበው። እኔ በስንፍና ሁለት ሳምንት አቆይቼው ውስጡ ጥቁር ሻጋታ አገኘሁ። አፈርኩ።

መልስ 2፦ ለጉንዳኑ፣ ከመጠጫው በላይ ውሃ የሞላ ትንሽ ክዳን ስቀል፤ አይሻገሩትም። ደግሞ አበባ ትከል እንጂ! ቀይ ሳልቪያ፣ ቱቦ መሳይ የሆነ ሁሉ። ፀረ ተባይም አትርጭ። ወፎቹ ትንንሽ ነፍሳትና ሸረሪት ይበላሉ፤ ጫጩቶቻቸውንም በዚያ ነው የሚያሳድጉት።

ጠያቂ፦ ለካ በየሳምንቱ ስረጭ የከረምኩት እኔው ነኝ! ቀለሙን አሁን ደፋሁት። ሳልቪያው ዘር ይሻላል ችግኝ?

መልስ 2፦ ችግኝ። ዘሩ ትዕግሥት ያስጨርሳል።