አሞንግ አስን እንደገና ልጫወት ላላችሁ፦ በየት በኩል ብትመለሱ ይሻላል?

አሞንግ አስ አልሞተም። በ2020 (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ ነው የምጽፈው) ሌሊቱን ሙሉ «ቀዩ ነው! በዓይኔ አይቼዋለሁ!» ስንባባል ያደርንበት ጌም ዛሬም አለ። ለማያውቀው፦ በየቀለሙ የለበሱ ተጫዋቾች ጥቃቅን ሥራ ሲሠሩ፣ መካከላቸው የተደበቀ ገዳይ (ኢምፖስተር) አንድ በአንድ ይገድላቸዋል፤ ሬሳ ሲገኝ ተሰብስበው ይከራከሩና የጠረጠሩትን በድምፅ ያስወጣሉ። እንዲያውም ሰፍቷል። ከስልካችሁ አጥፍታችሁት ከርማችሁ አሁን ልመለስበት ካላችሁ ግን መንገዱን መምረጥ ያስፈልጋል። እኔ የምጠቁመው ያለ ማመንታት አንዱን ነው፦ ሰው ሰብስቡ፣ አንድ ክፍል ውስጥ ቁጭ በሉ፣ በአንድ ሆትስፖት ተጫወቱት።

ጌሙ ሲጀመርም የታሰበው ለዚሁ ነበር። ኢነርስሎዝ የሚባለው የአሜሪካ ስቱዲዮ በሰኔ 2018 ሲያወጣው የሠሩት ሦስት ሰዎች ናቸው። መነሻቸው ማፊያ የተባለው የቃል ጨዋታ ነው። ሐሳባቸውም አንድ ቤት ለተሰበሰቡ ጓደኛሞች በዋይፋይ ብቻ የሚሠራ የስልክ ጌም መሥራት ነበር። መጀመሪያ ላይ ድምፅ እንኳ አልነበረውም። ከገዳዩ ስልክ አንዲት ድምፅ ብትወጣ አጠገቡ ለተቀመጠው ታሳብቅበታለችና። ኦንላይኑ በኋላ የመጣ ነው። ሁለት ዓመት ያህል ብዙም ሰው ሳያውቀው ቆየ። በ2020 ክረምት፣ ኮሮና ሁሉንም ቤት ባዋለበት ጊዜ፣ ጌም በቀጥታ የሚያስተላልፉ ሰዎች አነሡት፤ ዓለም ተጥለቀለቀበት። በዚያው ዓመት ጥቅምት የአሜሪካ ኮንግረስ አባሏ አሌክሳንድሪያ ኦካሲዮ ኮርቴዝ ሰውን ለምርጫ ለመቀስቀስ ስትጫወተው ከ400 ሺህ በላይ ተመልካች በአንድ ጊዜ ያያት ነበር። ስቱዲዮው ሁለተኛ ክፍል እንደሚሠራ ተናግሮ ነበር፤ ብዙም ሳይቆይ ሐሳቡን ለውጦ ጉልበቱን በሙሉ በመጀመሪያው ላይ አዋለ። ዛሬ ስትከፍቱት ብዙ አዲስ ነገር የምታዩት ለዚህ ነው።

አዲሱን ባጭሩ ልንገራችሁ። በ2021 ኤርሺፕ የተባለው ትልቅ ካርታ (የመጫወቻ ቦታ) ገባ፤ የተጫዋች ቁጥርም ከ10 ወደ 15 ከፍ አለ። በዚያው ዓመት ኅዳር ልዩ ሚናዎች መጡ፦ በቱቦ መሄድ የሚችል መሐንዲስ፣ ማን እንደሞተ ከሩቅ የሚያይ ሳይንቲስት፣ ሞቶም ሌላውን የሚጠብቅ መልአክ፣ የሌላውን መልክ የሚይዝ ኢምፖስተር። በ2023 ፈንግል የሚባል አምስተኛ ካርታ፣ በ2024 ደግሞ ሌሎች ሦስት ሚናዎች ተጨመሩ። ከዓመታት በኋላ ለሚመለስ ሰው የምመክረው ግን ይህን ሁሉ አጥፍቶ ስኬልድ በሚባለው በድሮው ካርታ መጀመር ነው። እጃችሁ መንገዱን ያስታውሰዋል። ካፍቴሪያው፣ ኤሌክትሪካሉ፣ ያ መከረኛ የካርድ ማንሸራተት ሥራ ሁሉም እንዳሉ ናቸው። ካርዱ ዛሬም ያው ነው፤ ቀስ ካላችሁ ይመልሰዋል፣ ከቸኮላችሁም ይመልሰዋል፣ እናንተ ከሱ ጋር ስትታገሉ ደግሞ ከኋላ ማን እንደቆመ እንጃ።

አሁን ወደ መንገዶቹ።

አንድ ክፍል፣ አንድ ሆትስፖት። ይህን ያስቀደምኩት ለኛ አገር ኑሮ ስለሚመች ጭምር ነው። ጨዋታው ሲካሄድ ዳታ አይፈልግም። ኔትወርክ ቢጠፋ ግድ የለም። መብራት ቢሄድም ስልክ ቻርጅ እስካለው ድረስ ጨዋታው ይቀጥላል። አራት ሰው ከሞላ ይጀመራል፤ ሙቀቱ የሚመጣው ግን ሰባት ስምንት ስትሆኑ ነው። አንዱ ሆትስፖት ይከፍታል፣ ሌላው ሁሉ ይገናኛል። ከዚያ «ሎካል» የሚለውን ነክቶ አንዱ ጌሙን ይፈጥራል፤ ሌሎቹ ስሙን ከዝርዝር አይተው ይገባሉ። ሆትስፖቱን የከፈተው ሰው ራሱ ጌሙን ቢፈጥር ይመረጣል። ፓወር ባንክም ለሱ ስጡት፤ ቀድሞ የሚያልቀው የሱ ባትሪ ነው።

«አይገባልኝም» የሚል ሰው ሁሌም አይጠፋም። ብዙ ጊዜ ችግሩ ከሦስቱ አንዱ ነው። አንደኛ፣ የጌሙ ቨርዥን ይለያያል፤ አንዱ አፕዴት አድርጎ ሌላው ካላደረገ አይተያዩም። ስለዚህ ከመገናኘታችሁ በፊት ሁሉም ቤቱ እያለ አፕዴት ያድርግ፣ አንዴም ከፍቶ ይሞክረው። ሁለተኛ፣ አንድሮይድ ስልክ «ይህ ዋይፋይ ኢንተርኔት የለውም» ብሎ በራሱ ወደ ዳታ ይሸሻል። ቴክኖም ሆነ ኢንፊኒክስ፣ ዳታውን ዝጉት፣ «ይቆይ» በሉት። ሦስተኛ፣ አይፎን ከሆነ ጌሙ መጀመሪያ ሲከፈት በአቅራቢያ ያሉ ስልኮችን ለመፈለግ ፈቃድ ይጠይቃል። ሳያነቡ «አይሆንም» ያሉ ሰዎች ሴቲንግ ገብተው መፍቀድ አለባቸው። ከአሥር ሰው በላይ ከሆናችሁ ደግሞ ሆትስፖቱን ትታችሁ የቤት ራውተር ተጠቀሙ። ብዙ ስልኮች ሆትስፖት ላይ የሚቀበሉት ቁጥር ውስን ነው። ራውተሩ ኢንተርኔት ባይኖረውም ይሠራል።

ዋጋውስ? በስልክ ነጻ ነው፤ ማስታወቂያ ግን አለው። ኮፍያና ልብስ የሚሸጥበት ክፍል አለ፤ ለጨዋታው አንዳች ጥቅም የለውም፣ እለፉት።

አንድ ክፍል ስትሆኑ የቤት ሕግ ያስፈልጋል። ድምፅ ይጥፋ፤ ዛሬ ጌሙ ድምፅ ስላለው ያኔ የፈሩት ነገር በእናንተ ቤት ይደርሳል። ጀርባ ወደ ግድግዳ ይሁን፣ ማንም የማንንም ስክሪን አይይ። የሞተ ሰው «ውይ!» ማለት ክልክል ነው። ይህ ከሁሉም ይከብዳል። ፊት ላይ ያስታውቃል። እኛ ቤት አንድ ዘዴ አለን፦ ሙዚቃ ከፈት እናደርጋለን፣ እያንዳንዱ ሰው ስልኩን ወደ ፊቱ ጠጋ አድርጎ ይይዛል፣ የሞተም ያልሞተም ሥራውን ይቀጥላል። ሬሳ ተገኝቶ ስብሰባ ሲጠራ ብቻ ነው ቀና የሚባለው።

የዚህ መንገድ ውበት ያለው ያ ቀና የሚባልበት ሰዓት ላይ ነው። የአክስቴ ልጅ ስትዋሽ ጉትቻዋን ትነካለች። በድምፅ ብቻ ብትሰሟት «እማዬ ትሙት፣ ኤሌክትሪካል አልገባሁም!» ስትል ታምኗታላችሁ። ድምፅዋ አይንቀጠቀጥም። ፊት ለፊት ስትቀመጡ ግን እጇ ወደ ጆሮዋ ሲሄድ ታያላችሁ። ባለፈው ፋሲካ ማግስት ይህን ያወቀው ታናሽ ወንድሜ ነበር። ምንም አላለም፤ ጣቱን ወደ ጉትቻዋ ብቻ ቀሰረ። እሷ «ዓይኔን ግንባር ያድርገው!» እያለች ቤቱ በሙሉ በአንድ ድምፅ አስወጣት። በሚቀጥለው ዙር ጉትቻዋን አውልቃ መጣች። ይህን የሚሰጥ ሰርቨር የለም።

ሴቲንጉን በተመለከተ፦ ስምንት ሰው ድረስ አንድ ኢምፖስተር፣ ከዚያ በላይ ሁለት። ድንገተኛ ስብሰባ ለአንድ ሰው አንድ ጊዜ ይበቃል። የተባረረው ሰው ኢምፖስተር መሆን አለመሆኑን ጌሙ እንዲናገር የሚያደርገውን አጥፉት፤ ጥርጣሬው እስከ መጨረሻው ይቆያል። ሌላው ሰው ሲያየው ንጹሕነትን የሚያረጋግጡ ሥራዎችን፣ ለምሳሌ የሕክምና ክፍሉን ምርመራ፣ ለጀማሪዎች ክፍት፣ ለነባሮች ዝግ አድርጉ። የድምፅ መስጫውን ጊዜ ረዘም አድርጉት። የኛ ሰው ክርክር ይወዳል፤ ያጠረ ሰዓት ያናድዳል።

ጌሙ በአማርኛ የለም። ይህ እናትና አባትን ወይም ትንንሽ ልጆችን ከማጫወት ሊያግዳችሁ አይገባም። ሥራዎቹ በሙሉ ማለት ይቻላል በሥዕል ናቸው፤ ሽቦ ማገናኘት፣ ቅጠል መጥረግ፣ ቆሻሻ መድፋት። አንዴ ካሳያችኋቸው ይበቃል። ለልጆች ከዚህም የተሻለው በታኅሣሥ 2022 የገባው ድብብቆሽ ነው። ገዳዩ ከመጀመሪያው ይታወቃል። ክርክር የለም፣ ውሸት የለም፣ መሮጥና መደበቅ ብቻ ነው። ሥራ በተሠራ ቁጥር የሚቀረው ሰዓት ያጥራል። ልጆቹ ጩኸታቸውን ያቀልጡታል።

ሁለተኛው መንገድ፣ ዘመድ ውጭ አገር ላለው። በግል ክፍል ኦንላይን መጫወት ይቻላል። አንዱ ክፍል ይከፍታል፣ ባለ ስድስት ፊደሉን ኮድ ለቤተሰቡ የቴሌግራም ግሩፕ ይልካል። ንግግሩን በጌሙ ቻት አትሞክሩት። መጻፉ ይዘገያል፣ ወሬውም ይቀዘቅዛል። የቴሌግራሙን የግሩፕ ድምፅ ክፈቱና ሁሉም ሰው ማይኩን ይዝጋ፤ ስብሰባ ሲጠራ ብቻ ይክፈት። ሰርቨር ምርጫው ሰሜን አሜሪካ፣ አውሮፓና እስያ ነው። አዲስ አበባና ዋሽንግተን ያላችሁ ከሆነ አውሮፓ ለሁሉም መሃል ነው። ሰዓቱንም አስቡት። አዲስ አበባ ከምሽቱ 2 ሰዓት ሲሆን ዋሽንግተን በበጋቸው ከቀኑ 7 ሰዓት ነው፣ ዱባይ ደግሞ ከምሽቱ 3። ቅዳሜ ምሽት ለሁሉም ይመቻል። ጉድለቱ አንድ ነው፦ ኔትወርኩ ከተቆራረጠ ጌሙ ያስወጣችኋል፤ ወደዚያው ዙር መመለስ አይቻልም። ዙሩ እስኪያልቅ ቁጭ ብሎ መጠበቅ ነው። እንደዚያም ሆኖ ለዓመታት በሰላምታ ብቻ የሚገናኝ የአጎት ልጅ ሲዋሽ መስማት ደስ ይላል።

ሦስተኛው፣ ከማያውቁት ሰው ጋር በሕዝብ ክፍል መግባት። ይህን አልመክርም። ኢምፖስተር ካልደረሰው ወዲያው የሚወጣ ሰው ብዙ ነው። ክርክር የለም፤ የሆነ ሰው ቀለም ጽፎ ሁሉም ይነካዋል። አብዛኛው ሰው ተመልሶ ሞክሮ «በቃ ጣዕሙ ጠፋ» የሚለው በዚህ በር ስለገባ ይመስለኛል። ጌሙን በዚህ አትፍረዱት።

ፕሌይስቴሽን ያላችሁ ትጠይቃላችሁ። አሞንግ አስ ከታኅሣሥ 2021 ጀምሮ እዚያም አለ፤ ግን በአንድ ማሽን አንድ ሰው ብቻ ነው የሚጫወተው። ሚስጥሩ በአንድ ቴሌቪዥን ላይ አይደበቅማ። ኮምፒውተር ላይ ደግሞ ስቲም በተባለው የጌም መሸጫ 5 ዶላር አካባቢ ነው። ስልክ ያለው ሰው ሁሉ መክፈል አያስፈልገውም።

ሌላ ጌም ለሚያወዳድሩ ደግሞ፦ ጉስ ጉስ ደክ ነጻ ነው፣ እስከ 16 ሰው ይይዛል፣ የድምፅ ንግግር በውስጡ አለው። በጥር 2023 በስቲም ብቻ ከ700 ሺህ በላይ ሰው በአንድ ጊዜ ሲጫወተው ነበር። ሚናው እጅግ ብዙ ነው፤ አሞንግ አስ ለቀለላቸው ነባሮች ይስማማል፣ ለአዲስ ሰው ግን ይከብዳል። ኢንተርኔትም ይፈልጋል። ፎል ጋይስም የዚያው የ2020 ክረምት ልጅ ነው። ከሰኔ 2022 ወዲህ ነጻ ሆኗል። ያስቃል፤ ግን ኮኔክሽን ጠንካራ ካልሆነ አትድከሙ፣ መዝለል ባለበት ጌም አንዲት መዘግየት ትጥላችኋለች። ሦስት ብቻ ከሆናችሁ ሚኒ ሚሊሻ የተባለውን የተኩስ ጌም አውርዱ። እሱም በሆትስፖት ይሠራል፣ ስልክ አያከብድም፣ ለአሞንግ አስ የማይበቃውን ቁጥር ይሸፍናል።

ስልክ የሚያጥርበት ቤት ካላችሁ ደግሞ ወደ ምንጩ ሂዱ፤ ማፊያን በተራው የካርታ መጫወቻ ተጫወቱ። ይህን ጨዋታ በ1986 የጀመረው ዲሚትሪ ዳቪዶፍ የሚባል የሞስኮ ዩኒቨርሲቲ የሳይኮሎጂ ተማሪ ነው። ለስምንት ተጫዋች ሁለቱ ጆከሮች ማፊያ ይሁኑ፣ አንድ ንጉሥ ሐኪም፣ አንዲት ንግሥት ፖሊስ፣ አራት ቁጥሮች ደግሞ የከተማው ሰው። ካርታው ተገልብጦ ይታደላል፣ እያንዳንዱ የራሱን ብቻ ያያል። ዘጠነኛው ሰው አጫዋች ሆኖ «ከተማው ተኝቷል፣ ዓይን ይጨፈን» ይላል። ለአጫዋችነት ከሁሉም ፊቱን መቆጣጠር የሚችለውን ምረጡ፤ እሱ ከሳቀ ጨዋታው ይበላሻል።